ማኑዋሉ እዚያው ማሽናችሁ ላይ ነው

ኔትወርክ ሲጠፋ ኮድ መጻፍ የሚያቆሙ ልጆች በዝተዋል። "ቲቸር፣ ኢንተርኔት የለም፣ በምን እንየው?" ይላሉ። ወዳጆቼ፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ዌብ ከመፈጠሩ በፊት የተገኘ ነው። ታሪኩን በአጭሩ ላውጋችሁ።

ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ አሜሪካ፣ ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስን ሲሠሩ የመጀመሪያው የፕሮግራመሮች ማኑዋል እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ወጣ። ወረቀት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጽሑፉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገባ፤ "ማን" ብሎ የትዕዛዙን ስም ማስከተል ብቻ። ይሄ "ማን" የማኑዋል ማሳጠሪያ ነው እንጂ የኛው መጠይቅ አይደለም።

ግን ገጹን ለማንበብ ከያዙት ጽሑፍ መውጣት ነበር። ሐሳብ የሚበተነው ደግሞ እዚህ ጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 ኤም አይ ቲ ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማንና ጋይ ስቲል ኢማክስ የተባለውን ኤዲተር ጀመሩ። ኢማክስ ራሱን ያስረዳል፤ "ይህ ቁልፍ ምን ይሠራል?" ብላችሁ ኤዲተሩን ራሱን ትጠይቁታላችሁ። ኢንፎ የሚባል የማኑዋል ማንበቢያም መጣለት፤ መጽሐፉ በትናንሽ ክፍሎች ተከፍሎ ከአንዱ ወደ ሌላው በሊንክ ይኬዳል። በስቶልማን የግኑ ፕሮጀክት ደግሞ አሠራሩ ሰፋ። ፕሮግራም ሲጫን የኢንፎ ማኑዋል ካለው በጋራ ማውጫ ላይ ይመዘገባል። ኢማክስ ውስጥ ሆናችሁ ኮንትሮልና ኤች፣ ቀጥሎ አይ ስትጫኑ የተጫኑት መጻሕፍት ይደረደሩላችኋል። የ"ማን" ገጾችም እዚያው ይከፈታሉ።

ሆላንዳዊው ብራም ሙሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ የለቀቀው ቪምም እንዲሁ ነው። ከርሰሩን ቃሉ ላይ አድርጋችሁ ትልቁን ኬ ስትጫኑ ማኑዋሉ ይመጣል። እዚያው የቪም ማኑዋል ውስጥ፣ ብራም በበጎ ፈቃደኝነት የሠራባትን የኡጋንዳዋን ኪባሌ ልጆች እንድትረዱ የሚለምን ገጽ አለ። ብራም በ2023 አረፈ፤ ገጹ ግን አሁንም ይከፈታል።

እነዚህ ሰዎች ማኑዋልን የፕሮግራሙ አካል አድርገው ነው የቆጠሩት። ዌብ ላይ የምታገኙት መልስ ስለ ሌላ ቨርዥን ሊሆን ይችላል። ከፕሮግራሙ ጋር የተጫነው ግን የእናንተኑ ቨርዥን ነው የሚያብራራው፤ ዳታም አይበላም። "በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል" እንዲሉ ሆኖብን እንጂ!

እንግሊዝኛው እንደሚከብድ አውቃለሁ። የጀርመን፣ የፈረንሳይና የጃፓን ፕሮግራመሮችም ከብዷቸው ነው መሰለኝ፣ ተቀምጠው ብዙ ገጾችን ወደ ቋንቋቸው መልሰዋል። አብዛኞቹ በበጎ ፈቃድ ነው የሠሩት።

እንግዲህ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ፕሮግራመር የሆናችሁ አላችሁ። የአማርኛውንስ ማን ይጽፈዋል?