የዝናብ ልብሳችሁ ከውስጥ ለምን ይረጥባል?

ክረምትን ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ሻምቡ ላይ በሞተር ያሳለፈ ሁሉ ያውቀዋል። የላስቲክ ዝናብ ልብስ ደርባችሁ ትወጣላችሁ። ቤት ገብታችሁ ስታወልቁት ሸሚዛችሁ ጀርባችሁ ላይ ተለጥፏል። ልብሱ አፍስሶ አይደለም፤ ላባችሁ ነው።

ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላቡ ተንኖ ሲወጣ ነው። ላስቲክ ግን ዝናቡን እንደሚከለክል ሁሉ እንፋሎቱንም ይዘጋበታል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ላስቲክ ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ልክ ድስት ክዳን ላይ እንደሚጠራቀመው ጠብታ። እርጥብ ሸሚዝ ላይ የሞተር ንፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል።

"የሚተነፍስ" የሚባለው ጨርቅ የመጣው ለዚህ ነው። በፈረንጆቹ 1969 አሜሪካዊው ቦብ ጎር ቴፍሎን የምንለውን ፕላስቲክ አሙቆ በድንገት በኃይል ሲስበው፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስስ ሽፋን ሆነ። ጎርቴክስ የሚባለው ይሄ ነው፤ በ1976 ለገበያ ቀረበ። ቀዳዳዎቹ የውሃ ጠብታ አያሳልፉም፤ ለእንፋሎት ግን ሰፊ በር ናቸው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጨርቁ በራሱ አይተነፍስም። እንፋሎቱን የሚገፋው የውስጥና የውጭ ልዩነት ነው፦ ውስጡ ሞቃትና እርጥብ፣ ውጩ ቀዝቃዛ ሲሆን ቶሎ ይወጣል። ስለዚህ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ነቀምቴ በደንብ የሠራ ጃኬት፣ ወደ በደሌ ስትሄዱ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዳችሁ አየሩ ሲወብቅ ይደክማል። አልተበላሸም፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ዚፑን ከፈት አድርጉት።

ሌላው ነገር የውጪው ቅብ ነው። አዲስ ጃኬት ላይ ውሃ እየተንከባለለ የሚወርደው በሱ ነው። ቅቡ ሲደክም የላይኛው ጨርቅ ውሃ ይጠጣል፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። እናንተ ደግሞ "አፈሰሰ" ብላችሁ ትጥሉታላችሁ።

ሳልባጅ ስትገዙ እነዚህን እዩ፦

1. ውስጡን ገልብጡት። ስፌቱ ላይ ቴፕ ካልተለጠፈ መርፌ በበሳው ሁሉ ውሃ ይገባል።

2. የውስጡ ሽፋን እየተላጠ ከሆነ ተዉት፤ አይድንም።

3. መለያው 10,000 ሚሊ ሜትር ካለ፣ አዲስ እያለ የ10 ሜትር ውሃ ቢጫነው አያሳልፍም ማለት ነው።

4. ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከመጠጠው ቅቡ ደክሟል፤ ይሄ ግን ብዙ ጊዜ ይድናል።

እንዴት? በቀላል ሳሙና እጠቡት፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ አይንካው። ከደረቀ በኋላ መለያው ካውያ ከፈቀደ፣ ላዩ ላይ ስስ ጨርቅ አድርጋችሁ በዝቅተኛ ሙቀት ተኩሱት። ሙቀቱ የቀረውን ቅብ ይቀሰቅሰዋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ከጀልባ ቀዛፊዎች እንማር። የነሱም ልብስ የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ጨርቅ ነው፤ ግን አንገቱና እጅጌው ላይ ቆዳን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ ጎማ አለው። ጨርቁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ውሃ በአንገትና በእጅጌ ይገባላ! እናንተም ከመነሳታችሁ በፊት አንገቱን እስከ ላይ ዝጉ፣ እጅጌውን አጥብቁ።

ሞተረኛ ጓደኛ ካላችሁ ክረምት ሳይገባ ሼር አድርጉለት።