የማትሪክ ትውልድና አማራጭ ትምህርት ቤት

አንድ ወዳጄ ልጁ ወደ «አማራጭ ትምህርት ቤት» መዛወሩን በስልክ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አልፈረድኩበትም፤ ማትሪክ በአንዲት ወረቀት ዕጣችንን የቆረጠልን ትውልድ ነንና ከመደበኛው መንገድ የወጣ ሁሉ የወደቀ ይመስለናል።

እኔም የኒውዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ኢስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አነሳሁለት። መምህርት ዲቦራ ማየር በ1985 እ.ኤ.አ. ኢስት ሃርለም ውስጥ ሲከፍቱት ሆን ብለው ትንሽ አደረጉት፤ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 450 ያህል ተማሪ ብቻ። አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲኖዎች፣ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። ለመመረቅ ተማሪው በ14 ዘርፎች ሥራውን ያዘጋጃል፤ ዋና ዋናዎቹንም በሸንጎ ፊት ቆሞ ይሟገትባቸዋል (ብዙዎቻችን ይህ ላብ የጠመቀን ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ነው)። በከተማው ግማሽ ያህሉ ተማሪ ብቻ በአራት ዓመት በሚመረቅበት ዘመን፣ እዚያ ከ10 ተማሪ 9 ያህሉ ይመረቅ ነበር፤ አብዛኛውም ኮሌጅ ገባ።

«ወላጅ መርጦ ያስገባው ልጅ ከሌላው እኩል አይመዘንም» የሚሉ ተቺዎች አሉ። እውነት አላቸው፤ ስንት ወጣ ከማለት በፊት ማን ገባ ማለት ይገባል። ታዲያ ሚዛኑ ለእኛም ይሥራ! ጄኔራል ዊንጌትም ከየጠቅላይ ግዛቱ ተበጥረው የመጡ ልጆችን ነበር የሚቀበለው።

ማየር በ1990ዎቹ አጋማሽ ለቀቁ። ትምህርት ቤቱም ውሎ አድሮ የክፍለ ግዛቱን የሪጀንትስ ፈተና ተቀበለ፤ ሸንጎው ቀረ።

ወዳጄ እስከዚህ ሰምቶ «የልጄስ የትኛው ዓይነት ነው?» አለኝ። ልጁን በስም የሚያውቁት መምህራን ስንት እንደሆኑ ጠይቆ እንዲነግረኝ ለመንኩት።