ሁለቱ ጥቁር አፈሮች፦ የወልካና የረግረግ ታሪክ



ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በጉንደ ወይን አድርጎ ወደ ሞጣ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ጥቁር አፈር ያያል። አንደኛው በሜዳው ላይ የተዘረጋው ወልካ ነው። ሁለተኛው በምንጭ አፍና በወንዝ ዳር የሚገኘው የረግረግ ወይም የጨፌ አፈር ነው። ሁለቱም ክረምት ውሃ ይተኛባቸዋል፤ ሁለቱንም በቦይ ማጠንፈፍ ይቻላል። ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሁለቱን ታሪክ ለይቶ ማሳየት ነው።

የወልካው ታሪክ

ወልካ ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ሰፊ ንቃቃት የሚያወጣ የሸክላ አፈር ነው። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የዚህ ዓይነት መሬት ሲኖር፣ አብዛኛው የሚገኘው በከፍተኛው የአገሪቱ ክፍል ነው። አባቶቻችን ከውሃው ጋር ተስማምተው መኖርን ያውቁ ነበር። በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣሉ፤ ጤፉን ዘግየት አድርገው ይዘራሉ፤ ክረምቱ ሲወጣ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ያበቅላሉ። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ደግሞ ቤተሰቡ ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደቡን ከፍ ያደርግ ነበር።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) ከግብርና ሚኒስቴርና ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር በመሆን፣ ከባህላዊው ማረሻ በመነሳት በበሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ አዘጋጀ። መሣሪያው ቢቢኤም በሚል ስም ይታወቃል። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቦይ ያወጣል። በዚህም የስንዴው ሥር ከውሃ ወጣ፤ ቀድሞ መዝራትም ተቻለ።

የወልካ ጥቁረት ብስባሽ ከመብዛቱ የመጣ አይደለም። በውስጡ ያለው የብስባሽ ካርቦን አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ከ1 እስከ 2 እጅ ብቻ ነው። በመሆኑም ወልካን ማጠንፈፍ የሚያስከትለው የካርቦን ብክነት አነስተኛ ሲሆን፣ ጥቅሙ ግን በጎተራ የሚታይ ነው።

የረግረጉ ታሪክ

የረግረግ አፈር የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። ሳሩ፣ ቄጤማው፣ ደንገሉና እንግጫው በየዓመቱ እዚያው በቅሎ እዚያው ይሞታል። የተኛው ውሃ አየር ስለማያስገባ የሞተው ተክል በደንብ አይበሰብስም። በመቶዎችና በሺዎች ዓመታት እየተደራረበ ብስባሽ አዘል አፈር ይሆናል። ባለሙያዎች አፈርን በዚህ ስም የሚጠሩት የካርቦን መጠኑ ቢያንስ ከ100 ከ12 እጅ በላይ ሲሆን ነው።

ቦይ ሲቆፈርለት ውሃው ይወጣል፤ አየር ይገባል። ያን ጊዜ ረቂቅ ተሕዋስያን የዘመናቱን ክምችት መብላት ይጀምራሉ፤ አፈሩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም በተለምዶ የተቃጠለ አየር የምንለው ሆኖ ይበናል። የዓለም የአየር ንብረት ለውጥ የባለሙያዎች ፓነል በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ተጠንፍፎ የሚታረስ አንድ ሄክታር ብስባሽ አዘል አፈር በዓመት በአማካይ በቀዝቃዛና መካከለኛ አየር ንብረት 7.9 ቶን፣ በሞቃታማ አገር 14 ቶን ካርቦን ያጣል። ትንሹን ብንወስድ እንኳ 79 ኩንታል ማለት ነው። በጎ ዘመን የያዘ የስንዴ ማሳ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል መስጠቱ ያጠራጥራል። እንዲህ ያለው አፈር ከዓለም የብስ 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ቢሸፍንም፣ በመጠንፈፉና በመቃጠሉ የሚወጣው ጋዝ ከሰው ልጅ ሥራ ከሚመነጨው 4 በመቶ ገደማ ይደርሳል።

ይህን በዓይን የሚያሳይ ምስክር በእንግሊዝ አገር ሆልም በተባለ ቦታ ቆሞ ይገኛል። በ1851 እ.ኤ.አ. በአካባቢው ያለው ሐይቅ ሲጠነፈፍ፣ አንድ የብረት ምሰሶ ጫፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ድረስ ተተከለ። ዛሬ ምሰሶው 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ቆሟል። ምሰሶው አላደገም፤ መሬቱ ወርዷል።

ከኢሉባቦር የምንማረው

በአገራችን የረግረግ እርሻ ረጅም ታሪክ ያለው በኢሉባቦር ነው። ገበሬው ረግረጉን በበጋ አጠንፍፎ በቆሎ ይዘራል፤ ኃይለኛው ዝናብ ሳይበረታ ይሰበስባል፤ ከዚያም ውሃው እንዲመለስ ያደርጋል። የቦዩን ሥራና ጊዜ የሚያስተባብር አባ ላጋ የሚባል የአካባቢ ኃላፊ ነበር። የምግብ እጥረት በታየባቸው ዓመታት ግን ብዙ ረግረግ በሙሉ ተጠንፍፎ ዓመት ከዓመት ታረሰ። በ1996 እና በ2000 እ.ኤ.አ. መካከል በአካባቢው የተካሄደው የረግረግ ምርምር ፕሮግራም እንዳሳየው፣ ያለ እረፍት የታረሰው ምርቱ ቀንሶ ወደ ደካማ ግጦሽ ሲለወጥ፣ ማኅበረሰቡ በጋራ ደንብ የያዘው ግን ለረጅም ጊዜ አገልግሏል። የአንዱ ቦይ የጎረቤትንም ውሃ ስለሚስብ፣ ረግረግ በአንድ ሰው ውሳኔ የሚያዝ ሀብት አይደለም።

ወደ እኛ ስንመለስ

በጎጃም ልጃገረዶች ለዘመን መለወጫ የሚነቅሉት እንግጫ፣ ለበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጤማ፣ በበጋ ከብቱን የሚያተርፈው ሳር፣ ሁሉም የእርጥብ መሬት ልጆች ናቸው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ከታወጀ፣ በ1989 ዓ.ም. በክልላችን ሽግሽግ ከተካሄደ በኋላም የቤተሰብ ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ሞፈርም ወደ ጮቄ አናት ወጣ፤ አስታና ጓሳ በነበረበት ገብስና ድንች ተዘራ። ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉ የአባይ ገባሮች የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ነው። መሬት የሌለው ወጣት የቀረውን ጨፌ ቢመኝ አይፈረድበትም። ሆኖም ጥቂት ዓመት አብልቶ የሚያልቅ መሬት መስጠት ችግሩን ለነገ ማስተላለፍ ነው።

ከዚህ አኳያ መሠረታዊ ማኅበራትና የወረዳ ባለሙያዎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ ይበጃል። አንደኛ፣ ቦይ ከመቆፈሩ በፊት አፈሩን መለየት። ሁሉም ጨፌ ወፍራም ብስባሽ የለውም። ሲረግጡት የሚሰምጥና የሚነሳ፣ የሥርና የቅጠል ጭረት የሚታይበት፣ ሲደርቅ የሚቀል ከሆነ ብስባሽ አዘል የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነውና አይነካ። ሁለተኛ፣ የምንጭ ራስን ከማረሻና ከልቅ ግጦሽ መከለል። ሦስተኛ፣ ወጣቶችን አደራጅቶ ሳሩን በማጨድ ለከብት ማድለቢያ እንዲያቀርቡ ማድረግ።

በ1995 እ.ኤ.አ. የዓለም የኅብረት ሥራ ማኅበራት ካጸደቋቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ለኅብረተሰብ ማሰብ ነው። ቦይን በጋራ መቆፈር የምናውቅ ሰዎች፣ የማይቆፈረውንም በጋራ መወሰን አያቅተንም።

መልካም የምሥረታ በዓል!