ሹራብ፣ ካልሲና እንዝርት

የሰው ልጅ የእጅ ሥራ አብዛኛው ከችግር የተወለደ ነው። ብርድ ልብስን፣ እሾህ ጫማን፣ ዝናም ጎጆን አስገኘ። ነገር ግን ችግሩ በሌላ መንገድ በተቃለለ ጊዜ ሥራው ሁሉ አብሮ አይሞትም፤ አንዳንዱ ፈጽሞ ይረሳል፤ አንዳንዱም መኪና በርካሽ እየሠራው እንኳ ከሰው እጅ ሳይለይ ይኖራል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመመርመር የነገሥታትን ታሪክ መግለጥ አያሻም። በእግር የሚጠለቀው ካልሲና በጭን ላይ የሚሽከረከረው እንዝርት ለዚህ በቂ ምስክሮች ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ መናገር ይገባል። ዛሬ ባገራችን ሹራብ ሲባል የሚታሰበው ከወገብ በላይ የሚለበሰው ልብስ ነው፤ ቃሉ ግን የመጣው ከእግር ነው። ዓረቦች የእግርን ልብስ ጀውረብ፣ የምስር ሰዎችም በንግግራቸው ሸራብ ይሉታል፤ ቱርኮችም ቾራፕ ይላሉ፤ ሁሉም ከፋርስ ቋንቋ እንደ ወረሱት የቋንቋ መርማሪዎች ይናገራሉ። ወደ አማርኛ በገባ ጊዜ ትርጓሜው ሰፍቶ ክር በክር እየተቆላለፈ የሚሠራውን ልብስ ሁሉ ያዘ። ስለዚህ የቀድሞ ሰዎች ካልሲን ለይተው ለመጥራት «የእግር ሹራብ» ማለት ግድ ሆነባቸው፤ ይህም ሳያውቁት ቃሉን ወደ ተነሣበት ስፍራ መመለስ ነበረ። ካልሲ የሚለው ስም ደግሞ ካልጼ ከሚለው የኢጣልያ ቃል የመጣ ነው። ገበያ ዕቃን ሲያመጣ ስሙንም ከነዕቃው ያመጣል።

የሥራው ዕድሜ ከቃሉ ይልቅ የረዘመ ነው። እስከ ዛሬ ከተገኙት ጥንታውያን ካልሲዎች መካከል አንዱ ጥንድ በለንደን ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ቀለሙ ቀይ፣ ክሩ የበግ ጠጉር ነው፤ የተሠራበትም ዘመን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ300 እስከ 499 ዓ.ም. ባለው ውስጥ እንደ ሆነ ተገምቷል፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የተገኘው በግብጽ፣ ጽርኣውያን ኦክሲሪንኩስ በሚሏት በብህንሳ መቃብር ነው። ይህች ከተማ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ መነኮሳት የመሉባት ተብላ የተመሰገነች ናት። የካልሲው ጫፍ እንደ ፍየል ሰኮና ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ምክንያቱም በሁለቱ ጣቶች መካከል የሚያልፈው የጫማ ጠፍር እንዲገባበት ነው። የተሠራበት ብልሃት ዛሬ ከሚታወቀው የተለየ ነው፤ ዐይን ባለው ባንድ መርፌ ብቻ፣ አጫጭር ክር እየተቀጠለ፣ ቀለበት በቀለበት ውስጥ እየተሳበ ተሠርቷል።

ዛሬ በዓለም የታወቀው ጥበብ፣ ማለት ረዥሙን ክር ሳይቆርጡ በሁለት ወይም ከዚያ በሚበልጡ ቀጫጭን ዘንጎች ቀለበት ከቀለበት እያወጡ መሥራት፣ እርሱም ቢሆን ጥንታዊው ምልክቱ የሚገኘው በግብጽ ነው። ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተሠሩ፣ ነጭና ሰማያዊ ሐረግ ያለባቸው የጥጥ ካልሲዎች ቍራጭ በዚያ ተገኝቷል። ከእስላሞች እጅ ጥበቡ ወደ እስጳንያ ተሻገረ፤ በ1275 ዓ.ም. የሞተው የካስቲልያ ልዑል ፈርናንዶ ደ ላ ሴርዳ በተቀበረበት በቡርጎስ ገዳም፣ በመቃብሩ ውስጥ በዚሁ ጥበብ ከሐር የተሠራ ትራስ ተገኝቷል። ከዚያም በአውሮጳ ሁሉ ተስፋፋ።

በ1400 ዓ.ም. ገደማ በርትራም የሚባል የሐምቡርግ ሠዓሊ ለቡክስተሁደ ገዳም በሣለው ሥዕል ላይ፣ እመቤታችን በብዙ ዘንግ ዙሪያውን ያልተሰፋ ቀሚስ ስትሠራ ትታያለች፤ ሕፃኑ ከእግሯ አጠገብ ተቀምጧል። የእኛ አገር ሠዓሊዎች ደግሞ ብሥራተ ገብርኤልን ሲሥሉ ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል፣ እንዝርት አስይዘው ይሥሏታል። ሠዓሊ ሁሉ በእጇ ያኖረው በገዛ አገሩ ቅን ሴት የምትይዘውን መሣሪያ ነው። ሕዝብ ያከበረውን ሥራ ለማወቅ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አይፈለግም።

በእንግሊዝ አገር ካልሲ መሥራት የብዙ ድኾች እንጀራ በሆነበት ዘመን፣ በ1589 ዓ.ም. ዊልያም ሊ የሚባል ሰው ካልሲ የሚሠራ መኪና አወጣ፤ እርሱም የደብር ቄስ ነበረ ይባላል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ግን በእጃቸው እየሠሩ የሚኖሩት ድኾች ለልመና ይዳረጋሉ ብላ መብቱን እንደ ከለከለችው ይተረካል። ሊ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ በሩዋን ከተማ ሥራ ቢጀምርም፣ ደጋፊው ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ በ1610 ዓ.ም. ተገደለበት፤ እርሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ ሳይከናወንለት ሞተ። መኪናው ግን አልሞተም። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1811 ዓ.ም.፣ በሊ አገር በኖቲንግሃም ግዛት ደመወዛቸው የተቀነሰባቸው ሠራተኞች በሌሊት እየተነሡ እነዚሁን የካልሲ መኪናዎች ይሰብሩ ጀመር። መንግሥትም በ1812 ዓ.ም. መኪና የሰበረ በሞት ይቀጣ ብሎ ዐወጀ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእጅ ካልሲ ይጠፋል ተብሎ ሊታሰብ ይገባ ነበረ። ነገር ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ወታደሮች በውሃ በተሞላ ጕድጓድ ቆመው እግራቸው እየበሰበሰ በተቸገሩ ጊዜ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎችም ሳይቀሩ፣ ካልሲ በእጃቸው እየሠሩ ላኩ። ዛሬም በሰላም ጊዜ፣ ካልሲ በጥቂት ገንዘብ በሚገዛበት አገር፣ በባቡር ተቀምጠው ወይም ከራት በኋላ ከቤተ ሰብ ጋራ እየተጫወቱ ካልሲ የሚሠሩ ብዙዎች ናቸው፤ አንዱን ጥንድ ሲፈጽሙ ሌላውን ይጀምራሉ። ትርፍ ፈልገው አይሠሩትም። ሥራው ትንሽ ነው፤ በከረጢት ይያዛል፤ በማንኛውም ጊዜ ይቋረጣል፣ በማንኛውም ጊዜ ይቀጠላል፤ ተረከዙን ማዞር ብቻ ጥቂት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተበጣጥሶ የሚባክነውን ጊዜ ሰብስቦ ወደ ልብስ ይለውጠዋል።

እንደዚህ ያለው ሥራ በእኛ አገር አለን? ቢባል፣ አለ፤ ስሙ ግን ካልሲ አይደለም። ካልሲ ጫማን ይከተላል፤ ጫማ ባልተለመደበት ዘመን ካልሲን የሚሻ አልነበረም። የደራ ወረዳ ከተማ የሆነችው አንበሳሜም ሆነች ከርሷ በስተሰሜን ያለችው ወረታ፣ በጣና ዳር ባለው ወይና ደጋ ናቸው። ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ዛሬ በሩዝ የታወቀ አገር ነው። በዚያ ጭቃ ውስጥ የሚያርስ ገበሬ ለእግሩ ሹራብ አይመኝም። ወደ ምሥራቅ ሲወጣ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ፣ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ባና ይሠራል፤ በቆላውና በወይና ደጋው ግን ገላን የሚያለብሰው ጥጥ ነው። ስለዚህ የአገሩ ሴት እጅ ያልተለየው መሣሪያ እንዝርት ሆነ።

ሥራውም እንዲህ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይባላል። ፈታይቱ አመልማሎውን በግራ እጇ ይዛ፣ እንዝርቱን በጭኗ ላይ አሽከርክራ ትለቀዋለች፤ ክሩም እየቀጠነና እየከረረ ይወርዳል። የተፈተለው ተጠንጥኖ ልቃቂት ሲሆን ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ወጥ እስኪበስል፣ ቡና እስኪፈላ፣ ጎረቤት እስኪጫወት ባለው ጊዜ ነው፤ በበዓል ቀን ብቻ እንዝርት ያርፋል። ሽመና ለወንድ የተተወ ሥራ ሲሆን አንዳንድ ሰው ባለሞያውን ሲንቅ ኖሯል፤ ፈትልን ግን ወይዘሮም ገረድም ሳይነውሩት ይዘውታል። ሕፃን የሚታቀፍበት፣ ሙሽራ የምትጎናጸፈው፣ ሬሳም የሚገነዝበት ጨርቅ ከዚሁ ክር ይወጣ ነበረና፣ ሥራው ከልደት እስከ ሞት የማይለይ ነው።

ይህንም ሥራ የውጭ ንግድ ፈትኖታል። በ19ኛው መቶ ዓመት በፎገራ አቅራቢያ የነበረው የይፋግ ገበያ የታወቀ በነበረበት ዘመን፣ አቡጀዲ የሚባለው የመኪና ጨርቅ ከባሕር ማዶ ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ጀመር። በ1903 ዓ.ም. ሮበርት ስኪነር የሚባል የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ደርሶ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋራ የንግድ ውል ተዋዋለ፤ አሜሪካኖች በዚያ ጊዜ ወደ አገራችን ይልኩት የነበረው ዋና ሸቀጥ የጥጥ ጨርቅ ነበረ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ከአንበሳሜም እጅግ የራቀ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሸማኔው የፋብሪካውን ክር ገዛ፤ ነገር ግን ለድር ብቻ ገዛው። ድር በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ የሚቆም ነውና ጠንካራና እኩል ክር ይሻል፤ በዚህ መኪና ይበልጣል። ማጉን ግን ከፈታይቱ እጅ መግዛቱን አልተወም። በእጅ የተፈተለ ማግ ልል ነው፤ አየርን በውስጡ ይይዛል፤ ስለዚህ ጋቢውን ለስላሳና ሙቅ ያደርገዋል። በአንድ ጋቢ ውስጥ መኪናና እንዝርት ተስማምተው፣ አንዱ ቁመቱን ሁለተኛው አግድሙን ይዘው ይኖራሉ። በኖቲንግሃም በመዶሻ ያልተፈጸመው ስምምነት በሸማኔ ጕድጓድ ውስጥ ያለ ጩኸት ተፈጸመ።

በከተማም ያሉ ሴቶች የራሳቸው ሥራ አላቸው፤ ይኸውም መንጠቆ ባለው በኪሮሽ የሚሠራው ዳንቴል ነው፤ ሁለቱም ስሞች ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ለጠረጴዛ፣ ለወንበር መደገፊያ፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ልብስ የሚሆነው ይህ ሥራ፣ ከጓደኛ ጓደኛ አበባውን እየገለበጡ የሚማሩት ነው። እንግዲህ ኪሮሽ፣ ዳንቴል፣ ካልሲና ሹራብ ከውጭ ቢመጡም፣ እንዝርት፣ አመልማሎ፣ ልቃቂት፣ ድርና ማግ ግን የባለቤቱ ቃላት ናቸው። ዕቃው ቢጠፋ ቃሉም ከመዝገብ በቀር ማደሪያ አይኖረውም።

ጥፋቱ ሊመጣ የማይችል አይምሰል። ዛሬ የሐበሻ ልብስ መስሎ በመኪና የተሠራ ጨርቅ ከውጭ ይገባል፤ በርካሽም ይሸጣል። ፈታይቱ የምታገኘው ዋጋ ከድካሟ ጋራ አይመዛዘንም፤ ልጇም ትምህርት ቤት ትውላለች፤ መዋሏም መልካም ነው። ማንም ቢሆን ልጅቱ መጽሐፉን ትታ እንዝርት ትያዝ ብሎ ሊመክር አይገባውም። ነገር ግን የብህንሳው ካልሲ ያስተማረውን ማሰብ ይገባል። ያን የመሰሉ ካልሲዎች ከመቃብር በወጡ ጊዜ የአንዱ መርፌ ጥበብ በዚያ አገር ተረስቶ ስለ ነበረ፣ ብዙ ሊቃውንት በሁለት ዘንግ የተሠሩ መስለዋቸው እንደዚያው ጽፈዋል፤ ስሕተቱም የታወቀው ቀለበቱን አንድ በአንድ ከመረመሩ በኋላ ነው። ጨርቁ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ቆየ፤ የእጁ ዕውቀት ግን ከመጨረሻዋ ሠራተኛ ጋራ ተቀበረ።

የእጅ ዕውቀት በመጽሐፍ ብቻ አይተላለፍም። አመልማሎው ሲሳብ ምን ያህል እንደሚለቀቅ፣ ክሩ ሊበጠስ ሲል ጣት እንዴት እንደሚያውቀው፣ ከእናት አጠገብ ተቀምጦ በማየት ብቻ ይገኛል። ስለዚህ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የእጅ ፈትል ማግ ያለበትን ጋቢ የሚለብስ ሰው በሚገባ ዋጋ ይግዛው፤ ርካሹን አይቶ የፈታይቱን ቀን አይቁጠርባት። ሁለተኛው፣ እናት የምታውቀውን ለሴት ልጇ፣ ቢፈቅድም ለወንድ ልጇ፣ በዕረፍት ጊዜው ታሳየው። በሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ትርፍም ሳያገኙበት የእግር ሹራብ ሲሠሩ ከዋሉ፣ የደራና የፎገራ ልጅ አያቱ የያዘችውን እንዝርት ለአንድ ሰዓት ተቀብሎ ቢያሽከረክረው ምን ይጎዳዋል?