የቫልቭ ማርፈድ

«ቫልቭ ፍሎት» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ ቃል በቃል ሲመለስ «የቫልቭ መንሳፈፍ» ይሆናል። ይህ ትርጉም ግን ለመካኒክ የሚነግረው ነገር የለም። ቫልቭን ገፍቶ የሚከፍተው ካምሻፍቱ ነው፤ የሚዘጋው ደግሞ ሞላው ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲፈጥን ወይም ሞላው ሲደክም፣ ካሙ ካለፈ በኋላም ቫልቩ ገና ወደ መቀመጫው አልተመለሰም። የመዝጊያ ሰዓቱ አልፎበታል። «የቫልቭ ማርፈድ» ያልኩት ለዚህ ነው፤ «ቫልቩ አረፈደ» ሲባል ሾፌሩም ይረዳዋል።

በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞር ሞተር እያንዳንዱ ቫልቭ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ለሞላው የተሰጠው ጊዜ ይህችው ናት።

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ጤፍ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አይሱዙ ደጀንን እንዳለፈ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ ድልድይ ይወርዳል። ሾፌሩ ፍሬኑ እንዳይግል በማርሽ ይይዘዋል፤ ደግም ያደርጋል። ነገር ግን መኪናው ፈጥኖ ሳለ ማርሹን ያለቅጥ ዝቅ ካደረገው፣ ሞተሩን የሚያዞረው ናፍጣው መሆኑ ቀርቶ የጭነቱ ክብደት ይሆናል። የናፍጣ ፓምፑ ጎቨርነር ነዳጅ መቁረጥ እንጂ ጎማው ሞተሩን እንዳያዞር መከልከል አይችልም። ያረፈደው ቫልቭ ወደ ላይ እየመጣ ካለው ፒስተን ጋር ይጋጫል። ቫልቩ ይጣመማል፤ ሲብስ ፒስተኑም ይሰበራል።

ሞተር ወርዶ ሲታደስ ፒስተኑ፣ ሪንጉና ብሮንዚናው ተለውጦ አሮጌው ሞላ ታጥቦ መመለሱ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ሞላ ሳይሰበር ይደክማል፤ ቁመቱ ያጥራል፣ ይዘማል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ቁመቱን በካሊፐር ለክቶ ከማኑዋሉ ጋር ማስተያየትና ጠፍጣፋ ብረት ላይ በስኳድራ አቁሞ መዝመሙን ማየት ብዙ ድካም የለውም።

ጠንካራ ሞላ ሁሉ ግን አይሻልም። ካሙ ጠፍጣፋ ታፔት ላይ በሚንሸራተትባቸው ሞተሮች ካምሻፍቱ አዲስ ከሆነ፣ ከባድ ሞላ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካሙን ሊበላው ይችላል። የውድድር ሞተር የሚገጣጥሙ ባለሙያዎች ስለዚህ በሮዳጅ ጊዜ ለስላሳ ሞላ ይገጥማሉ፤ ድርብ ሞላ ከሆነም የውስጡን አውጥተው ካሙና ታፔቱ ከተላመዱ በኋላ ይመልሱታል።

ለዚህ ለውጥ ብዙ ጊዜ ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም። በቤንዚን ሞተር ላይ ካንዴላው ይፈታና በቀዳዳው ንጹሕ የናይለን ገመድ፣ ጫፉ ውጭ ቀርቶ፣ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ምት ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርገው ሲያዞሩት ፒስተኑ ገመዱን ወደ ላይ ይጭነዋል፤ ገመዱም ቫልቮቹ እንዳይወድቁ ደግፎ ይይዛቸዋል። ከዚያ ሞላውን በመጭመቂያ ተጭኖ ሁለቱን ትንንሽ መቆለፊያዎች በማግኔት ማውጣት ነው። አዲሱ ሞላ ከመግባቱ በፊት የቫልቩ ዘይት መከላከያ ጎማም ቢለወጥ ጥሩ ነው፤ ሞላው ካልወጣ አይደረስበትምና።