ጌሾ፣ ሆፕስ እና የሴቶች እጅ

በዓል ሲቃረብ ጊንጪ ገበያ ላይ ጌሾ ይፈለጋል። ቅጠሉም እንጨቱም ደርቆ ተወቅጦ ለጠላው፣ ለፈርሶው፣ ለጠጁ ይገባል። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በጠላ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም የጌሾን ታሪክ ከፈረንጆቹ ሆፕስ ጋር እያነጻጸርን ልናቀርብ ወደድን።

ሁለቱ በዘር አይገናኙም። ሆፕስ ሐረግ ነው፤ ጌሾ ቁጥቋጦ ነው። ሥራቸው ግን ይመሳሰላል፤ መጠጡን መራራ ያደርጉታል። የሆፕስ ምሬት መጠጥ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችን ይገታል። በ12ኛው መቶ ዘመን ጀርመን ውስጥ የኖረችው መነኩሲት ሂልደጋርድ ይህንኑ የመጠበቅ ኃይሉን ጽፋለች። በአውሮፓ የባህል ሕክምናም ሆፕስ እንቅልፍ ላጣ ሰው ይሰጥ ነበር። የጌሾን መራራ ንጥረ ነገር ደግሞ ብርሃኑ አበጋዝና ተሾመ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት «ጌሾይዲን» ብለውታል።

ለእኛ ትልቁ ትምህርት ያለው በእንግሊዝ ታሪክ ነው። እዚያ ጠመቃ በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነበር። ያለ ሆፕስ የተጠመቀው መጠጥ ቶሎ ስለሚበላሽ እያንዳንዷ በቤቷ ጠምቃ ለጎረቤት ትሸጥ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን የሆፕስ ቢራ ሲስፋፋ መጠጡ የሚቆይና ሩቅ የሚጓዝ ሆነ። ይህም ትልቅ ዕቃና ትልቅ ገንዘብ ጠየቀ። ባለትዳር ሴት በራሷ ስም መዋዋልም ሆነ መበደር ስለሚከብዳት ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ወንዶች ዞረ።

በአገራችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ እ.ኤ.አ. በ1922 ከተጀመረ ወዲህ የፋብሪካ ቢራ ተስፋፍቷል። ጠላ ግን እስከ ዛሬ በሴት እጅ ነው። እንዳይወጣ ሁለት ነገር እንመክራለን።

አንደኛው ስለ መድኃኒትነቱ ነው። እናቶቻችን የጌሾን ቅጠል ለቆዳ በሽታና ለቶንሲል ያደርጉታል፤ በቤተ ሙከራም አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገታ ታይቷል። በቤተ ሙከራ መታየትና ሰውን መፈወስ ግን የተለያዩ ናቸው። ዋጋ ለመጨመር ብለን «ያድናል» እያልን ብንሸጥ የምናጣው የደንበኛን እምነት ነው። የእናቶችን ዕውቀት ግን ሳይጠፋ እንመዝግበው።

ሁለተኛው ሒሳብ ነው። ጌሾው ከጓሮ ተቆረጠ ተብሎ ዋጋው አይጻፍም፤ ማገዶውና የራሳችን ድካምም እንዲሁ። ያልተጻፈ ወጪ ትርፍ ይመስላል። አበዳሪም የሚጠይቀው መዝገብ ነው። የእንግሊዝ ጠማቂዎች ሙያ አላጡም፤ ያጡት ገንዘብና ስም ነበር። እኛ ማኅበር አለን፤ ስለዚህ ከሚቀጥለው ጠመቃ ጀምሮ እያንዳንዷ አባል የጌሾዋን ዋጋ በደብተሯ ትጻፍ።