የይርጋጨፌ ስም የማን ነው?

ሐረር፣ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌ። ኢትዮጵያ እነዚህን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ እ.ኤ.አ. በ2005 ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አመለከተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ነገሩ የጠበቆች ወረቀት ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር።

አልቀረም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2006 ኦክስፋም ጉዳዩን አደባባይ አወጣውና ስታርባክስን በስም ጠራ። ቢቢሲን የመሰሉ ትልልቅ ሚዲያዎች ተቀባበሉት። ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች ለኩባንያው ቅሬታቸውን ላኩ። ዩቲዩብ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር፤ ስታርባክስ ግን መልሱን እዚያው በቪዲዮ ለጠፈ፣ ኦክስፋምም በቪዲዮ መለሰለት። (እኛ ያኔ ፊደል ቆጣሪዎች ነበርን፤ ወሬውን ያገኘነው ዘግይተን ነው።) በኖቬምበር የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ጂም ዶናልድ አዲስ አበባ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ጋር ተነጋገሩ። በጁን 2007 ስምምነት ተፈረመ፤ ስታርባክስ የስሞቹን ባለቤትነት ተቀበለ።

ጋዜጠኝነት ተምረናልና አንድ ነገር ይከነክነናል። ዜናው የዳዊትና የጎልያድ ታሪክ ሆነ። ጣፋጭ ነው፣ ይነበባል። ግን የስሞቹ የመጠቀሚያ ፈቃድ በነፃ የተሰጠ ነው፤ ስታርባክስ ለስሞቹ ሮያሊቲ አይከፍልም። መንግሥት «መጀመሪያ ስሙ ይታወቅ፣ ዋጋው ይከተላል» ባይ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ለገበሬው ግን ረጅም መንገድ ነው። ያን ሰሞን «አሸነፍን» ያለው ሰው ሁሉ ይህቺን መስመር አንብቧት ይሆን?